ከወይራምባ ሰንበሌጥ ሃያ ሰባት ደቂቃ

ከወይራምባ እስከ ሰንበሌጥ ሃያ ሰባት ደቂቃ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ በተተከለው ሰሌዳ የተጻፈው ይኸው ነው፤ በትምህርት ቤቱ ካርታ ላይ ያለውም፣ በየመታወቂያችን ጀርባ የታተመውም ይኸው ነው። ኪሎ ሜትር የሚለው ቃል ከልጆች መጽሐፍ ከወጣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አባቴ ግን ቃሉን ያውቀው ስለነበር በመኪና መንገዱ ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ነው ይል ነበር። በመሃል ያለው ድልድይ ከወደቀ በኋላ መንገዱን የጠገነው የለም። ሃያ ሰባት ደቂቃ ለሆነ ቦታ መንገድ ምን ያደርጋል ተባለ።

አንለይ ካሣ እባላለሁ፤ የወይራምባ ማረፊያ ሠራተኛ ነኝ። ሌላ ሠራተኛ ስለሌለ ሹሙም፣ ዘበኛውም፣ ጠራጊውም እኔው ነኝ። ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት አሥራ ሁለት ተሳፋሪዎችን ወደ ሰንበሌጥ እሸኛለሁ፤ ሐሙስ በሦስት ሰዓት መልሼ እቀበላቸዋለሁ። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ። ከአሥራ አንዱ ዓመት በሰባቱ አውሮፕላን መጥቶ አያውቅም።

መጀመሪያ የቀረው በአቧራ ምክንያት መስሎኝ ነበር። ተሳፋሪዎቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እስከ ሰባት ሰዓት ጠበቁ። ሲሰለቸኝ በረራውን ወደሚመራው ማዕከል ደወልኩ። በማዕከሉ በኩል የሚያናግረን ድምፅ የሰው አይደለም፤ ትሕትናው ግን ከሰው ይበልጣል።

«ተሳፋሪዎቹ ተመዝግበዋል?» አለኝ።

«ተመዝግበዋል።»

«ሰንበሌጥም መድረሳቸውን አረጋግጧል። በረራው ተካሂዷል። እናመሰግናለን።»

ዞር ብዬ ሳይ አሥራ ሁለቱም አግዳሚው ላይ ናቸው። አንዷ ዳቦ እየቆረሰች ትበላ ነበር።

ለምን ዝም አልክ የሚለኝ ሰው ግራር ውሃን አያውቅም ማለት ነው። ሕጉ አጭር ነው። ሆስፒታል ካለበት ከተማ በበረራ ከግማሽ ሰዓት በታች የሆነ ከተማ «ቅርብ» ይባላል፤ መምህር፣ መድኃኒት፣ ዘርና መብራት ይደርሰዋል። በረራው የተቋረጠበት ከተማ «ሩቅ» ነው፤ ሩቅ ከተማ ደግሞ ይዘጋል። ጎረቤታችን ግራር ውሃ ሩቅ በተባለ በሦስት ወሩ ሰዉ ተነሥቶ በየሰፈራ ጣቢያው ተበተነ። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ደርበው ከዚያ አምልጦ በእግሩ የመጣ ሰው ነው። ሚስቱን ጣቢያ ውስጥ ቀብሯል፤ ሁለት ወንዶች ልጆቹ በየትኛው ጣቢያ እንዳሉ እስከ ዛሬ አያውቅም።

እናም አውሮፕላኑ በቀረ በሁለተኛው ወር ነገሩን ዕድሩ ተረከበው። ለቀብር ተራ እንደሚወጣው ሁሉ ለበረራም ተራ ይወጣል። ተራው የደረሰ ሰው ሰኞ ንጹሕ ልብሱን ለብሶ ይመጣል፣ ስሙን ያስመዘግባል፣ ሰዓቱ እስኪያልፍ አግዳሚው ላይ ይቆይና ወደ እርሻው ይሄዳል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ሐሙስ ሰንበሌጥ ነው። ሐሙስ ይመጣና አውራ ጣቱን አሻራ በሚያነበው መስታወት ላይ ያሳርፋል፤ ተመለሰ ማለት ነው። መሄድ በስም ብቻ ይሆናል፤ መመለስ ግን ያለ አውራ ጣት አይሆንም።

ቀልድም አላጣንበትም። ማክሰኞ ገበያ ላይ የታየ ተሳፋሪ «እንዴ፣ ሰንበሌጥ አይደለህም እንዴ? ምን ይዘህልን መጣህ?» ይባላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ኩበቱ ግን ይነድልን ነበር።

በሰንበሌጥ በኩል የሚቀበለኝ ቢያድግልኝ የሚባል ሰው ነው። ድምፁን እንጂ መልኩን አላውቅም። ሰኞ ሰኞ ልክ በሦስት ሰዓት ከሃያ ሰባት ይደውልልኛል።

«ደርሰዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ናቸው።»

«መንገዱስ?»

«ለስላሳ ነበር።»

ሰባት ዓመት ሙሉ አንዳችን ለሌላችን «አውሮፕላኑ የት አለ?» ብለን አናውቅም። መስመሩን ማዕከሉ ይሰማዋል፤ እሱ አንድ ነገር ነው። ዋናው ግን ይሉኝታ ነው። ውሸታም ነህ ሳይሉ ይህን ጥያቄ ሰው ፊት ማንሳት አይቻልም። እንዲያውም ትሕትናው እየባሰበት ሄዶ ተሳፋሪዎቼን በስም እየጠራ ምሳ እንዳበላቸው ይነግረኝ ጀመር። እኔም አመሰግነው ነበር። አሁን ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

በጥቅምት ሁለተኛው ሰኞ አሥራ አንድ ሰዎች መጡ። ሰሊጥ የሚታጨድበት ጊዜ ነው፤ አንዱ ማሳው ውስጥ ቀርቷል። ከአሥራ ሁለት ሰው ያነሰ በረራ «አዋጭ ያልሆነ» ይባላል፤ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ሁለቴ ከሆነ መስመሩ ይሰረዛል። አንዱን በሰኔ ጨርሰነዋል። ለሦስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር የእህቴን ስም አስገባሁ።

እትዬ ውብአንቺ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ባል ሳታገባ የቀረችውም በእኔ ምክንያት ነው ይሉኛል። አልጠየቅኳትም። የራስ ሰው ምን ይጠየቃል? ማታ እነግራታለሁ አልኩ፤ ማታ ደግሞ ረሳሁት።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አጫጆች በቃሬዛ ተሸክመዋት መጡ። የማዕከሉ መስመር ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው።

«እፉኝት ነው» አሉኝ። «ነዶ ስታነሣ ቁርጭምጭሚቷን።»

ወዲያው ደወልኩ። በእፉኝት ለተነደፈ ሰው መድኃኒቱን ድሮን ያመጣዋል፤ ባለፈው ዓመት ለአንድ አጫጅ በሃያ አምስት ደቂቃ ደርሶለት ነበር።

«ውብአንቺ ካሣ ሰንበሌጥ ናቸው» አለኝ ድምፁ።

ያን ጊዜ ነው ያደረግኩት ነገር ትዝ ያለኝ።

«ተመልሳለች» አልኩ።

«በምን?»

ጋሽ ደርበው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ከኋላው ሌሎችም አሉ። ዐይኑን ብፈልገው ወደ መሬት አቀረቀረ። እውነቱን መናገር የነበረብኝ በዚያች ቅጽበት ነው፤ ሳልናገር ቀረሁ። አራት ዐረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር።

«የመመለሻው በረራ ሐሙስ ነው» አለ ድምፁ። «ጉዳዩ አጣዳፊ ስለሆነ ድሮኑ ወደ ሰንበሌጥ ተልኳል። አይጨነቁ።»

ለቢያድግልኝ ደወልኩ። በውስጠ ወይራ ልነግረው፣ ማዕከሉ ሳይገባው እሱ እንዲገባው አስቤ ነበር።

«ቢያድግልኝ፣ እህቴ ውብአንቺ እዚያ አለች?»

«እንዴት አደርክ አንለይ! አለች እንጂ፣ የት ትሄዳለች? ከባለቤቴ ጋር ቁርስ ይዘዋል።»

«እፉኝት ነድፏታል።»

«ውይ… አዎ፤ እግሯን ነው። አስተኝተናታል።»

«ልብ ብለህ ስማኝ። የሚመጣው መድኃኒት አንተ ጋ ከሚቀር ወደ እኔ ቢመለስ ይሻላል።»

«ምን ማለትህ ነው? እሷ እዚህ ሆና?» ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ነበር፤ ያኔ ግን አልለየሁትም። «አትስጋ ወንድሜ። እኔ እያለሁ እህትህ እህቴ ናት።» ዘጋው።

እትዬ ሁሉንም ሰምታለች። እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጦ ጠቁሯል።

«እኔ ሰንበሌጥ ነኝ እንዴ?» አለችኝ።

«ይቅር በይኝ እትዬ። ሰው ጎደለብኝ።»

ሳቀች። እውነቴን ነው፤ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። «ምነው ብትነግረኝ? ቀሚሴን እቀይር ነበር።» ከዚያ ዐይኗን ጨፍና ቆየችና «ሆስፒታሉ መስኮቱ ሁሉ መስታወት ነው ይላሉ። ሄጄ ሳላየው» አለች።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ቢያድግልኝ ደወለ። ደስ ብሎታል።

«ደርሷል! ተቀብዬ ተወግታለች ብዬ ፈርሜያለሁ። ሐኪሙም ደህና ናት ብሏል።»

ጮህኩ። እንደዚያ የጮህኩበትን ቀን አላስታውስም። «የምን ሐኪም? አውሮፕላን የለም! ሰባት ዓመት ሙሉ የለም! እህቴ እፊቴ ተኝታለች! አንዲት ነፍስ እንኳ ወዳንተ መጥታ አታውቅም!»

ከወዲያ በኩል በር ሲዘጋ ሰማሁ።

«ሐኪም የለም» አለ በመጨረሻ። «ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። ሆስፒታሉ ያልተዘጋው ያንተ ሰዎች ይመጣሉ ስለሚባል ነው። የምፈርመው እኔ ነኝ።»

«መድኃኒቱስ?»

«ድሮኑ ሰጥቶኝ ሄዷል፤ በእጄ ነው። አሁን እጄ ላይ ነው፤ ይቀዘቅዛል።» አለቀሰ። «ምን ላድርገው አንለይ?»

ማዕከሉ ጋ ደውዬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ አውሮፕላኑን፣ ተራውን፣ የእህቴን ስም እኔ እንዳስገባሁት፣ የቢያድግልኝን ፊርማ። ጋሽ ደርበው አልከለከለኝም። ድምፁ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ጥቆማዎ ተመዝግቧል። ታካሚዋ በሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ መድኃኒቱን መውሰዳቸው ተረጋግጧል። ድጋሚ መድኃኒት ከሃያ አራት ሰዓት በፊት መስጠት አደጋ አለው። ሐሙስ ወይራምባ ካልተመለሱ አጣሪ ይላካል። እናመሰግናለን።»

አምስት ጊዜ ደወልኩ። አምስቴም ከነምስጋናው ይኸንኑ ነገረኝ።

እትዬ አሥር ሰዓት ላይ ዐረፈች። ከዚያ በፊት ውሃ ጠየቀችን፤ ጥቂት ከቀመሰች በኋላ ስለ ሰሊጡ አነሳች። ነዶው ካልቆመ ይረግፋል፣ አቁሙት አለች። ሁለት አጫጆች ሄደው አቁመው ተመለሱ፤ ሲደርሱ ግን አልፋ ነበር።

ረቡዕ በስድስት ሰዓት እንድትቀበር ወሰንኩ። ሐሙስ መስታወቱ ላይ የሚያርፍ ጣት አይኖርም፤ አጣሪ ይመጣል፤ መቃብሯን አሳየዋለሁ። የፈለግኩት ይህን ብቻ ነበር። አንድ ሰው መጥቶ እንዲያይልኝ ፈለግኩ።

ጋሽ ደርበው ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ልለምንህ ፊት የለኝም» አለኝ።

«እንግዲያው አይለምኑኝ።»

«ሚስቴን ሰፈራ ጣቢያ ውስጥ ስቀብራት ሁለት ሆነን ነው። እኔና አንድ ስሙን የማላውቀው ሰው። እሱ እግሯን ያዘ፣ እኔ ራሷን።» እጁን አየ። «እዚህ ሦስት ሺህ ነፍስ አለ፣ አንለይ። ዛሬ ለእህትህ የወጣውን ሰው ቁጠረው። አጣሪው ከመጣ ይህ ሁሉ ቀባሪ አይኖረውም።»

«እስከ ሐሙስ? በወይራምባ ሬሳ ሁለት ሌሊት አድሮ አያውቅም፣ ጋሽ ደርበው።»

«አያውቅም» አለ።

«የገደላችኋት እናንተ ናችሁ!» ብዬ ተነሣሁባቸው። ደግነታቸው ነው ዝም ያሰኛቸው፤ ስሟን ያስገባው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ የእኔ ነገር እንደዚያ ሆነ። ወጥቼ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ብዙ ቆየሁ። የጠላሁት ሰው ቢኖር ያን ቀን ራሴን ነው።

ስመለስ «ሐሙስ ይሁን» አልኳቸው። የባሕር ዛፍ ቅጠል አልብሰናት ሁለተኛውን ሌሊትም አደረች።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት ሣጥኑን ወደ ማረፊያው አመጡት። አሥራ አንዱ ተሳፋሪዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ተራ በተራ ተነሡ፣ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ፣ ድምፁም በየስማቸው እንኳን ደህና መጣችሁ አላቸው። ከዚያ ሣጥኑ ተከፈተ።

መስታወቱ የሚያነበው የጣትን መስመር ነው፤ ሙቀት አይጠይቅም። መጀመሪያ እንቢ አለ። የሰሊጡ አገዳ ጣቷን ሰነጣጥቆታል፣ አፈር ገብቶበታል። በምራቄ አርሼ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት፤ ልጅ ሳለሁ እሷ ፊቴን እንደምትጠርገኝ። እንደገና አሳረፍኩት።

«ውብአንቺ ካሣ» አለ ድምፁ፣ «እንኳን ወደ ወይራምባ በደህና ተመለሱ።»

እስከዚያ አፋቸውን በነጠላ ይዘው የነበሩት ሴቶች አንድ ላይ ጮሁ። እኔ አላለቀስኩም። አሥራ ሁለት ብዬ መዘገብኩና ቀበርናት።

በሳምንቱ ዓርብ አንድ ሰው በእግሩ ወደ ከተማው ገባ። ጫማው አልቆ እግሩን በጨርቅ ጠምጥሟል፤ ትከሻው ላይ ቅል አንግቷል። ማረፊያው በር ላይ ቆሞ ሰሌዳውን ሲያነብ አገኘሁት።

«ቢያድግልኝ ነኝ» አለኝ። መልኩን ሳይሆን ድምፁን አወቅኩት።

ቅሉን አውርዶ ከፈተው። መድኃኒቱ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ውስጡ አለ። በየምንጩ ጨርቁን እየነከረ አሥር ቀን እንዳይሞቅ ይዞት መጥቷል። ጥቁር ልብሴን አየ፤ የት ናት ብሎ አልጠየቀኝም።

«እንደማልደርስ አውቅ ነበር» አለኝ። «ግን እሱን ይዤ እንዴት ልቀመጥ?» ቆይቶ ደግሞ «መርማሪ አጠገብህ ቆሞ የሚያስጠይቅህ መስሎኝ ነበር፤ እንዳላሳጣህ ብዬ ነው አለች ያልኩህ» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት። ሲነግረኝ ነው ያወቅኩት።

ወደ መቃብሯ ወሰድኩት፤ ተደፍቶ አለቀሰ። ቤቴ ሦስት ሌሊት አደረ። ብዙ አላወራንም። ሰባት ዓመት ስናወራ የኖርን ሰዎች ፊት ለፊት ስንገናኝ ወሬ አጣን። ድልድዩ አንድ ምሰሶ ብቻ እንደቀረው፣ መንገዱን ሣር እንደበላው፣ አምስት ቀን ሙሉ ሰው እንዳላየ ነገረኝ።

ሰኞ ጠዋት ቅሉን ውሃ ሞልቶ ሊሄድ ተነሣ። እኔም ወደ ሥራዬ ነበርኩና አብረን ወጣን። አግዳሚው ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰሊጡ አላለቀም። ጋሽ ደርበው መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ ሰዓቱን አየ።

ቢያድግልኝ አግዳሚውን ቆጠረ። የሥራው ሰው ስለሆነ ማንም አላስረዳውም።

«እኔን አስገባኝ» አለ። «ወደዚያው አይደል የምሄደው?»

«መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ?»

«አስገባኝ፣ አንለይ። ባለቤቴ ትቀበለኛለች።»

ሰዓቱ ሦስት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አስገባሁት። በምን እንደመጣ ማዕከሉ አልጠየቀውም፤ ቤቱ ሰንበሌጥ ስለሆነ ሐሙስ ጣቱ አይፈለግም። ስሞኝ ሄደ።

በሦስት ሰዓት ከሃያ ሰባት ስልኩ ጮኸ። የሴት ድምፅ ነው፣ የባለቤቱ፤ ባለፈው ሰኞም በእሱ ፈንታ የደወለችልኝ እሷ ነበረች።

«ደርሰዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቢያድግልኝም ደርሷል፣ ደህና ነው።»

«መንገዱስ?» አልኳት።

«ለስላሳ ነበር» አለችኝ።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ቅሉን በትከሻው አንግቶ፣ በጨርቅ በተጠመጠመ እግሩ ቀስ እያለ ገና የገደሉን አፋፍ መውረድ መጀመሩ ነበር።